አድራሻ እና ማደሪያ

ለምን ጡረታ ወጣሽ ለሚለኝ ሰው ሁሉ ጉልበቴ ነው እላለሁ። ሐሰት አይደለም፤ የፍርድ ቤቱን ደረጃ መውጣት ካቃተኝ ቆይቷል። ዋናው ነገር ግን ስክሪኑ ነው። ዛሬ በአትላንታ ዙሪያ ባሉት ፍርድ ቤቶች አማርኛ የሚያስተረጉመው ሰው ብዙውን ጊዜ ችሎቱ ውስጥ የለም። ጠረጴዛው ላይ ስክሪን ይቀመጣል፣ ከሌላ ስቴት አንዲት ልጅ ብቅ ትላለች፣ ከወገቧ በላይ ኮት፣ ከወገቧ በታች ምናልባት ፒጃማ ለብሳ ሥራዋን ትጀምራለች። ጎበዞች ናቸው። እንግሊዝኛቸው ከእኔ የተሻለ ነው። አንድ ነገር ግን አይታያቸውም፤ የሰውየው እግር።

እኔ ከባለጉዳይ አጠገብ ስቀመጥ እግሩን እመለከት ነበር። የእኛ ሰው ዳኛ ፊት ሲቀርብ ፊቱን ያሳምራል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ «አዎ ክቡር ዳኛ» ይላል። እግሩ ግን ማስመሰል አይችልበትም። ጠረጴዛ ሥር እግሩ የሚንቀጠቀጥ ሰው ገብቶኛል ቢል እንኳን አልገባውም። ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው፤ ያስተማረኝም ታምራት የምለው ሰው ጉዳይ ነው። ስሙን ቀይሬዋለሁ። የፍርድ ቤት አስተርጓሚ የሰማችውን ይዛ መቀበር አለባት፤ ጉዳዩ የእሱ ስለሆነ ግን ፈቃዱን ጠየቅኩት። «ይጻፉት እትዬ ሐያት፣ እንደኔ ሳይገባው አዎ ያለ ስንት ሰው አለ መሰለዎት» አለኝ።

ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ነው። በወጣትነቴ እዚያው ፍርድ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ የሕግ አማርኛ በጣቴ በኩል ነው የገባኝ ማለት ይቻላል። ዲቪ ደርሶን ከባለቤቴ ከሰይድ ጋር አትላንታ ስንገባ መጀመሪያ ኤርፖርት አካባቢ የሆቴል አንሶላ አጠብኩ፤ ቀጥዬ ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆንኩ። እዚያ መኪናውን በየቀኑ የሚያቆም ሚስተር ሃሪስ የሚባል ወጣት ጠበቃ ነበር። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ለሌለው ተከሳሽ መንግሥት የሚያቆመው ጠበቃ ነው። አንድ ቀን መስኮቴን አንኳክቶ «ያንቺን ቋንቋ የሚናገር ደንበኛ አለኝ፤ አብረሽኝ እስር ቤት ትሄጃለሽ?» አለኝ። ሌላዋ ብትሆን ትደነግጥ ነበር። እኔ ግን ከዚያች የመስታወት ሣጥን መቼ ነው የምወጣው እያልኩ ቀን የምቆጥር ሰው ስለነበርኩ ሺፍቴን አስቀይሬ ሄድኩ።

ያን ቀን የሠራሁት ማስተርጎም አይባልም። እስረኛውን መከርኩት፣ ተቆጣሁት፣ ጠበቃው ያላለውን ጨመርኩለት፣ እናቱ በሕይወት እንዳሉ ጠየቅኩት። ስንወጣ ሚስተር ሃሪስ «እኔ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው የተናገርኩት፤ አንቺ ያን ሁሉ ምን ስትይው ነበር?» አለኝ። በማግስቱ ኤልቪራ ዘንድ ላከኝ።

ኤልቪራ ከጓቲማላ የመጣች የስፓኒሽ አስተርጓሚ ነበረች። በዕድሜ ከእኔ ብዙ ትበልጣለች፣ በቁመት ትከሻዬ ጋ ናት። ሥራውን ያስተማረችኝ በወጥ ቤቷ ውስጥ ነው። እሷ ጥቁር ባቄላዋን እያማሰለች ሬዲዮ ትከፍታለች፤ እኔ ጋዜጠኛው የሚለውን አንድ ትንፋሽ ብቻ ዘግይቼ በአማርኛ እከተላለሁ። ድንገት ትዘጋውና የተናገረውን እስከ መጨረሻው እንድጨርስ ትጠብቃለች። አንድ ቃል ከጎደለኝ፣ አማርኛ አንድም ባታውቅ፣ ከፊቴ ታውቅ ነበር። «ሰውየው ገንዘብ ነው የሚከፍልበት ወይስ ዕድሜ? ዕድሜ ከሆነ ግማሽ ቃል የለም» ትለኛለች።

ከሁሉ የከበደኝ «እኔ» የሚለው ነበር። አስተርጓሚ «እንዲህ ይላል» አትልም። ተከሳሹ «መታሁት» ካለ «መታሁት» ትላለች፤ ስለ ራሷ መናገር ካለባት ደግሞ «አስተርጓሚዋ» ነው የምትለው፣ እንደ ሌላ ሰው። አንድ ጠዋት ለሰካራም ሹፌር፣ ከሰዓት በኋላ በባሏ ለተደበደበች ሴት «እኔ» ስል ውዬ ማታ ቤት ስገባ ሰይድ «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ ከማን አፍ እንደምመልስለት ግራ ይገባኝ ነበር። ኤልቪራ ለዚህም መላ ነበራት። ከከባድ ችሎት በኋላ መኪናዋ ውስጥ ትገባለች፣ ሞተሩን ታስነሳለች፣ ወንበሯን ወደ ኋላ ታጋድምና ሬዲዮ ላይ ቤዝቦል ትሰማለች። ቤዝቦል ትወጂያለሽ እንዴ ብላት «ኧረ አልወድም፤ ማንም የማይጎዳበት ነገር ልስማ ብዬ ነው» አለችኝ።

አንድ ነገር ብቻ ከእሷ ልማር አልቻልኩም። በእንግሊዝኛ ዳኛውም ሌባውም አንድ ዓይነት «ዩ» ነው የሚደርሳቸው። እኔ ከአንተና ከእርስዎ መምረጥ ነበረብኝ። ዳኛ ለተከሳሽ ሲናገር አንተ ብለው ያቀለለው ይመስላል፣ እርስዎ ብለው የፈራው ይመስላል። በመጨረሻ ለሁሉም እርስዎ ለማለት ወሰንኩ። አንድ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር ልጅ በትራፊክ ጥፋት ተከሶ ቀርቦ «እርስዎ ጥፋተኛ ነዎት?» ስለው ከኋላው አባቱ የገቡ መስሎት ዞር አለ። ክፍያው ከፓርኪንጉ ይሻል ነበር፣ ወረቀቱ ግን ይበዛ ነበር፤ ስለ እሱ ይህ ይበቃል።

አሁን ወደማይወራው ነገር ልግባ። በማኅበረሰባችን ውስጥ የወሲብ ጥቃት በስሙ አይጠራም። «ያ ነገር» ነው የሚባለው። ያ ነገር የደረሰባት ሴት ትታማለች፣ ያደረሰው ሰው ይደበቃል፣ ቤተሰብ በሁለቱም በኩል ድምፁን ያጠፋል። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው ለምን ታስተረጉሚያለሽ ብለው የተቀየሙኝ ጓደኞች ነበሩኝ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ይቀፈኝ ነበር። ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ያኔም አሁንም የማምነው ግን፣ ሰው የተፈረደበትን ነገር በማያውቀው ቋንቋ ሰምቶ መሄድ የለበትም። የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለምና።

ታምራት የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ሲከሰስ ዕድሜው ወደ አርባ ይጠጋ ነበር። አብራው አንድ ቦታ የምትሠራ ያገሩ ልጅ ላይ የወሲብ ጥቃት አድርሶ ጥፋቱን አምኖ ቀረበ። የሴትየዋን ስም መቀየር እንኳን አልፈለግኩም፤ ሴትየዋ እያልኩ እቀጥላለሁ። ጠበቃው ሚስተር ሃሪስ ነበር፤ እኔም ነበርኩ። ዳኛው ረጅም ጽሑፍ እያነበቡ በየመሐሉ «ገብቶሃል?» ይላሉ፤ ስተረጉም «እርስዎ» እለው ነበር፣ እዚህ ግን እንዲያጥር «አንተ» እላለሁ። ከእስር በኋላ ፕሮቤሽን፣ ማለትም የክትትል ጊዜ፣ እንደሚኖርብህ ገብቶሃል? የወሲብ ጥፋተኞች መዝገብ ላይ በሸሪፉ ቢሮ እንደምትመዘገብ ገብቶሃል? የምትኖርበትን ቦታ ከመቀየርህ በፊት ማሳወቅ እንዳለብህ ገብቶሃል? አለማሳወቅ ራሱን የቻለ ከባድ ወንጀል መሆኑ ገብቶሃል?

ታምራት አንገቱን ደፍቶ ለሁሉም «አዎ ክቡር ዳኛ» አለ። እኔም ሁሉንም «አዎ» ብዬ መለስኩ። አዎ ካለ አዎ ነው፤ ደንቡ ይህ ነው። የእኛ ሰው ግን ለትልቅ ሰው አዎ የሚለው ስለገባው ብቻ አይደለም። አልገባኝም ማለት ድፍረት ስለሚመስለው ነው። ዳኛው በትክክል አነበቡ፣ ጠበቃው ከዚያ በፊት ቢሮው ውስጥ አስረድቶታል፣ እኔ አንድ ቃል አላጎደልኩም። ሁላችንም ሥራችንን በደንብ ሠርተን ወደ ቤታችን ሄድን፤ ሰውየው ግን ምንም ሳይገባው ወደ እስር ቤት ገባ። በሥራ ዘመኔ ከሁሉ የሚቆጨኝ ቀን ያ ነው። ጥፋተኛ የሚባል ሰው ፈልጌ አላገኘሁለትም፤ ለዚህም ይመስለኛል የማይለቀኝ።

ዓመታት አለፉ። ኤልቪራ ሥራ አቆመች፤ ቀጥሎም ሞተች። ሚስተር ሃሪስ ፀጉሩ ሸበተ። አንድ ቀን ደውሎ «ታምራትን ታስታውሺዋለሽ? ተመልሶ ታስሯል» አለኝ። ሌላ ሴት ጎድቶ መስሎኝ ነበር። ጉዳዩ እሱ አልነበረም። ታምራት የታሰረው በአድራሻው ምክንያት ነው። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ክላርክስተን ያለው የእህቱ የእቴነሽ ቤት ነው። የሚያድረው ግን ዶራቪል፣ ከሁለት የፓርኪንግ ሠራተኞች ጋር በተከራየው ቤት ነበር። ዶራቪል እንደሚኖር ለሸሪፉ የጠቆመ ሰው አለ። ክሱ ከተረጋገጠበት ለብዙ ዓመት ሊታሰር ይችላል፤ የጆርጂያ ሕግ በዚህ ላይ አይቀልድም። ዜግነት ስላለው ብቻ ከአገር ከመባረር ተረፈ።

እስር ቤት ስናገኘው ከስቶ ነበር። ሚስተር ሃሪስ ለምን እንዳላሳወቀ ጠየቀው።

«እኔ ምኑን ነው ያላሳወቅኩት?» አለ ታምራት። «በየዓመቱ ልደቴ ሲደርስ ሸሪፉ ቢሮ ሄጄ ሪፖርት አደርጋለሁ። ፎቶ አነሱኝ፣ አሻራ ሰጠሁ። አድራሻ ሲሉኝ የእህቴን ሰጠሁ። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ሜይሌም፣ መንጃ ፈቃዴም፣ የባንክ ካርዴም በእሷ ቤት ነው። ሰው እኮ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ሙቭ ያደርጋል፤ የእሷ ቤት ግን የትም አይሄድም።»

«ለምን እዚያ አትተኛም ታዲያ?»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ባሏ አላስገባም አለኝ። ሴት ልጆች አሏቸው። አልፈረድኩበትም» አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ እርስዎ ያውቁታል። አገር ቤት ቀበሌ ስንመዘገብ የቤት ቁጥሬ የእናቴ ቤት ነበር። እኔ ሳሪስ ቤት ተከራይቼ እያደርኩ ስንት ዓመት ሙሉ መታወቂያዬ የእናቴ ቀበሌ ነበር። ማን ምን አለኝ? ይሄም እንደዚያ መስሎኝ ነው።»

ቃል በቃል ተረጎምኩት። «ቀበሌ» ላይ ስደርስ ቆምኩና «አስተርጓሚዋ ይህን ቃል ደንበኛው ራሱ እንዲያብራራው ትጠይቃለች» አልኩ። እንዲህ ባለ ቦታ ምን እንደማደርግ ያስተማረችኝ ኤልቪራ ነበረች፤ የማታውቂውን አትገምቺ፣ የምታውቂውንም በሰው ስም አታስረጂ። ታምራት ስለ ቀበሌ፣ ስለ ቤተሰብ ቅጽ፣ መታወቂያ ከቤተሰብ ቤት ስለማይነሳበት ነገር ረጅም ማብራሪያ ሰጠ። ሚስተር ሃሪስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አደረገ።

«ይህ ነፃ አያወጣህም» አለው። «አላወቅኩም ማለት ብቻውን አያድንም። ግን ዳኛ ፊት የተደበቀ ሰውና ያልገባው ሰው እኩል አይታዩም። አሁን የሚጠበቅብህ አንድ ነገር ነው፤ እውነቱን ሳትቀንስ መናገር። ይህ መዝገብ የደብዳቤ መቀበያህን አይጠይቅም። ሌሊት ጭንቅላትህ የሚያርፍበትን ነው የሚጠይቀው። ፕሮቤሽን ሲያልቅም አብሮ አያልቅም። የሥራ ቦታህንም ይጠይቃል። አዲስ ቤት ከመግባትህ በፊት ትናገራለህ፣ ካውንቲ ከቀየርክ ለሁለቱም ሸሪፎች። ቤቱም ከትምህርት ቤት፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ ልጆች ከሚሰበሰቡበት ቦታ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት አስቀድሞ መታየት አለበት። ባልገባህ ቁጥር ከመፈረምህ በፊት ለእኔ ትደውላለህ።»

ታምራት አዎ ሊል አፉን ሲከፍት ወደ ጠረጴዛው ሥር አየሁ። እግሩ ይንቀጠቀጣል። ሚስተር ሃሪስን «አስተርጓሚዋ ደንበኛው የገባውን በራሱ ቃል መልሶ እንዲናገር ቢጠየቅ ጥሩ ነው ትላለች» አልኩት። ደንቡ ይህን ያህል ይፈቅዳል አይፈቅድም እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ታምራት መልሶ ሲናገር ግማሹን ሳተው። ሚስተር ሃሪስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ያን ቀን ከእስር ቤቱ የወጣነው ደክሞን ነው፤ የታምራት እግር ግን መንቀጥቀጡን አቁሞ ነበር።

የቀረችው እቴነሽ ናት። በሳምንቱ ጠበቃው ቢሮ መጣች። የአዛውንት መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ፣ ሦስት ልጆች ያሳደገች ደርባባ ሴት ናት። እንዳየችኝ ጎንበስ ብላ ሳመችኝ። «እንደምን ዋሉ እትዬ ሐያት፣ እርስዎ በመሆንዎ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ሚስተር ሃሪስ የወንድሟን ሁኔታ እንድትነግረው ሲጠይቃት ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«እትዬ፣ የኛን ነገር እርስዎ ያውቁታል። እኔ የምለውን ይተዉትና እሱን የሚያድነውን አስተካክለው ይንገሩልኝ። ሸሪፉ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሲያንኳኳ ሥራ ሄዷል፣ እዚሁ ነው የሚኖረው ያልኩት እኔ ነኝ። ፍርድ ቤትም ቀርቤ እምላለሁ። ወንድሜ አይደል፣ ምን አለበት?»

ይሉኝታ ያዘኝ። እንደ ታላቅ እህቷ ነው ያየችኝ፣ ደግሞም ክፋት የላትም። ከዚያ ወደ ሚስተር ሃሪስ ዞሬ ሁሉንም ነገርኩት፤ «የምለውን ይተዉትና እሱን የሚያድነውን አስተካክለው ይንገሩልኝ» ከሚለው ጀምሬ፣ «እምላለሁ» እስከሚለው፣ በእሷ «እኔ»።

የእቴነሽ እንግሊዝኛ ቀላል አልነበረም። ምን እንዳልኩ ገባት። ከወንበሯ ብድግ አለች። «ይሄንንም ነገርሽው? ሴትዮ፣ አንቺ ምን ዓይነት ያገር ሰው ነሽ?» እርስዎነቴ እዚያው ላይ አከተመ። ይህንንም ተረጎምኩት። ምን ላድርግ፣ ተናግራዋለች።

ሚስተር ሃሪስ እጁን አነሳ። «እባክዎ፣ ሌላ ቃል አይጨምሩ። እኔ የወንድምዎ ጠበቃ ነኝ፣ የእርስዎ አይደለሁም። አሁን የተናገሩት እርስዎንም ሊያስከስስ ይችላል። ከዚህ በኋላ ከእኔ ጋር ከመነጋገርዎ በፊት የራስዎን ጠበቃ ያግኙ። አቅም ከሌለዎት ነፃ የሕግ እርዳታ የሚሰጡ ድርጅቶች አሉ፤ ለማን እንደሚደውሉ እነግርዎታለሁ።» ትንሽ ቆየና ድምፁን አለዘበ። «አንድ ነገር ግን ይወቁ። እዚህ ነው የሚኖረው ብለው ከማሉ ወንድምዎ ያልገባው ሰው መሆኑ ያበቃለታል። ከእህቱ ጋር ተማክሮ የተደበቀ ሰው ይሆናል።»

እቴነሽ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። «እኔ እኮ ያዳንኩት መስሎኝ ነው» አለች። ሳለቅስ አይታይብኝም እንጂ እኔንም አስለቀሰችኝ። ስትወጣ ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም። ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሬዲዮውን ከፈትኩ፤ ቤዝቦሉን ምንም ሳይገባኝ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

እቴነሽ የራሷን ጠበቃ አገኘች፣ በእሱ ምክር ለሸሪፉ የተናገረችው ትክክል እንዳልነበር አመነች፣ ክስ ሳይመሠረትባት ቀረ። ታምራት ደግሞ ጥፋቱን አምኖ ለመቅረብ ወሰነ። ዐቃቤ ሕጓ ግን ረጅም እስራት ጠየቀች፤ ሆን ብሎ ነው የተሰወረው ስትል። ነገሩ ሁሉ ዳኛዋ እጅ ላይ ወደቀ።

በአማርኛ የምናስተረጉም ጥቂት ስለነበርን ችሎቱንም እኔው ነበርኩ። በጠበቃው ቢሮ መሥራቴን አስቀድሜ አሳወቅኩ፤ ሁለቱም ወገን ተስማሙ። ዳኛዋ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ገና «ገብቶሃል?» ብለው ሲጀምሩ ሚስተር ሃሪስ ተነስቶ «ክብርት ዳኛ፣ ደንበኛዬ ለሁሉም አዎ ይላል። እባክዎ በራሱ ቃል እንዲያስረዳ ይጠይቁት» አለ። ታምራት ስለ ቀበሌው፣ ስለ እህቱ ቤት፣ አሁን ስለተረዳው ሁሉ ተናገረ። ስለ እህቱ ባልም ሳይደብቅ ተናገረ። ሲጨርስ እግሩን አየሁት፤ ጸጥ ብሏል። ይህ መልካም ነበር። ያም ሆኖ ሲናገር የነበረው ስለ ራሱ ብቻ ነው፤ ስለ ሕጉ፣ ስለ ቅጣቱ፣ ስለ ስህተቱ።

ዐቃቤ ሕጓ አንዲት ሴት መናገር እንደምትፈልግ ገለጸች። በሩ ተከፈተ። ሴትየዋ ነበረች፣ ታምራት ያጠቃት። ታምራት አንገቱን ደፋ። የዚህ ክስ ባለቤት ባትሆንም ዳኛዋ ፈቀዱላት። እሷ በአማርኛ ተናገረች፣ እኔ በእንግሊዝኛ።

«ለሸሪፉ ኮል ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለች። «እሱ ከእስር ሊወጣ ነው ሲሉኝ መዝገቡን ኮምፒውተር ላይ አየሁት። ክላርክስተን ይላል። እኔም የምኖረው ክላርክስተን ነበር። አፓርትመንቴን ለቀቅኩ። ጎረቤቶቼን፣ ልጄ የለመደበትን ትምህርት ቤት ትቼ ዶራቪል ሙቭ አደረግኩ፤ እዚያ እሱ የለም ብዬ። አንድ ቅዳሜ ግሮሰሪ ውስጥ ቃሪያ ስመርጥ ቀና ስል ከመደርደሪያው ማዶ ቆሟል። እሱ አላየኝም። ዕቃዬን ጥዬ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ የሚገዛልኝ ልጄ ነው።»

ውሃ ጠጣች።

«ይቅር ብዬው እንደሆነ የጠየቁኝ ሽማግሌዎች አሉ። እሱ የራሴ ጉዳይ ነው። እዚህ የመጣሁት ለአንድ ነገር ነው። አድራሻው ለናንተ ወረቀት ነው። ለእኔ ግን የማልሄድበት ሰፈር ማለት ነው። ውሸት ከሆነ የት ልሂድ?»

የመጨረሻዋን ጥያቄ ስናገር ድምፄ ተሰበረ። በዚያ ሁሉ የሥራ ዘመን አንድም ቀን እንዲህ ሆኖብኝ አያውቅም። ዳኛዋ ጠበቁኝ፤ እንደገና አስተካክዬ ተናገርኩ።

ከዚያ ታምራትን የሚጨምረው ነገር ካለ ጠየቁት። ለመቆም ጊዜ ወሰደበት። ወደ ሴትየዋ አላየም፤ እንዳያይ ተነግሮታል። ዳኛዋን እያየ «እሷ ካለችበት አትነሳ» አለ። «የልጇን ትምህርት ቤት እንደገና አትቀይርበት። እኔ ልነሳ። እስር ከሆነ እታሰራለሁ። ስወጣ ግን የት ብኖር ነው እሷ እንደልቧ ወጥታ የምትገባው? እሱን ይንገሩኝና እዚያ ልመዝገብ።»

ዳኛዋ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ዛሬ ጠዋት ቢሆን ይህን ጥያቄ አትጠይቅም ነበር» አሉት። የታሰረበትን ጊዜ ቆጥረውለት፣ ቀሪውን በጠበቀ ፕሮቤሽን እንዲጨርስ ፈረዱ። ከዶራቪልም እንዲርቅ አዘዙ። ሚስተር ሃሪስ ሕጉ የሚፈቅደው ቤት በሌላ ካውንቲ፣ ኬኔሶ አካባቢ፣ እስኪያገኝለት ድረስ ሳምንታት ፈጀ፤ ታምራት ከመግባቱ በፊት ለሁለቱም ሸሪፎች አስታወቀ። ከመዝገቡ ለመውጣት ከብዙ ዓመት በኋላ ለፍርድ ቤት ማመልከት የሚቻልበት ሁኔታ አለ፤ ለዚያ ግን መንግሥት ጠበቃ አያቆምም። ታምራት እስከ ዛሬ አላመለከተም። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ሴትየዋን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አየኋት። ጡረታ በወጣሁበት ሰሞን ዶራቪል አንድ ግሮሰሪ ሰይድ የሚወደውን ቴምር ልገዛ ገብቼ ነው። ብቻዋን ነበረች። አስተርጓሚ ባለጉዳይን ቀድማ ሰላም አትልም፤ ጡረታ ብወጣም ልማዱ አልለቀቀኝምና መደርደሪያ ተከልዬ ቆምኩ። ቃሪያውን አንድ በአንድ እያነሳች ታገላብጣለች፣ የለሰለሰውን ትመልሳለች፣ ጠንካራውን ፌስታል ውስጥ ትከታለች። አንዲት ሴት ጋሪዋን ይዛ ከኋላዋ ቆማ ተራ ስትጠብቅ እንኳን ቀና አላለችም። ደህና አድርጋ መርጣ ጨረሰችና ወደ ቲማቲሙ ሄደች።